ሽማግሌ ያስነሳው ባነሬ

ይችን ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። ቁጭ ያላችሁ ደግሞ እንዳትነሱ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ለእኔ ሲል እንዲነሳ አልፈልግም።

ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ «ሽማግሌ ካላስነሳሁ ያለችው ልጅ» ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ እኔው ነኝ። ሌንሴ። ፎቶዬም አብሮ ተሰቅሎ ስለነበር መካድ አይቻልም።

ከመጀመሪያው ላስረዳችሁ፤ በኋላ ኮሜንት ላይ ሳታውቁ እንዳትሰድቡኝ። አውቃችሁ ስደቡኝ።

እንደምታውቁት ማስተርሴን በማርኬቲንግ እየሠራሁ ነው። (አታውቁም? ስለዚሁ ብቻ አይደል እንዴ ፖስት የማደርገው!) የመመረቂያ ጽሑፌ ደግሞ ስለ ተንኳሽ ማስታወቂያ ነው። ሰውዬውን ትንሽ ነካ፣ ትንሽ ቆንጠጥ ታደርጉታላችሁ። ይናደዳል። «እኔን ነው እንዲህ የሚሉኝ?» ብሎ ይመጣል። ከመጣ ማስታወቂያው ሠርቷል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ስንማረው በጣም ቀላል ይመስል ነበር።

ምን ላስተዋውቅ ብዬ ስጨነቅ ጓደኛዬ ጫልቱ ደረሰችልኝ። ጫልቱ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሥራዋ ላይ የሚያበሳጫት አንድ ነገር አለ፤ ትልልቅ ሰዎች አጥንታቸው ሲሳሳ አያውቁትም፣ ወድቀው ከተሰበሩ በኋላ ነው የሚመጡት ትላለች። አንድ ቀላል መፈተሻ አላት። ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ወንበር ላይ ታስቀምጣችኋለች፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ ታጣምራላችሁ፣ ከዚያ ሳትደገፉ ትነሳላችሁ። የተቸገረውን ለምርመራ ትልከዋለች። ወንበሩ ሁሉን ነገር ባይናገርም ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት ይጠቁማታል።

እሷ የሚመረመር ሰው አጥታለች። እኔ የሚተዋወቅ ነገር አጥቻለሁ። ወዲያው ተስማማን።

ባነሩን ራሴ ጻፍኩት፣ ራሴ ዲዛይን አደረግሁት፣ ሞዴሏም ራሴ ሆንኩ። እጄን አጣምሬ፣ አንድ ቅንድቤን ሰቅዬ፣ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ባዶ ወንበር አለ። ከላይ በትልልቁ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ለእኔ ይነሱልኛል? አይችሉም!» ይላል። ከታች በትንንሹ ደግሞ ዕድሜያቸው ከሃምሳ በላይ የሆነና ከወንበር ሳይደገፉ መነሳት የሚቸግራቸው ሰዎች አጥንታቸውን እንዲታዩ ይመክራል።

ትንንሹን ማንም አላነበበውም።

ፎቶው ግን ያምራል። እሱን እንኳ አትንሱኝ።

አማካሪዬ «ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክረሽዋል?» ብለውኝ ነበር። ሞክሬዋለሁ አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ ካፌ ቁጭ ብለን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው በሳቅ ፍርፍር አሉ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ግን አንድም አልነበረም።

በዚህ አገር ታናሽ ለታላቅ ይነሳል እንጂ ታላቅ ለታናሽ አይነሳም። ይህን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አውቃለሁ። ግን ባነሩን ስሠራ ተመራማሪ እንጂ የሰው ልጅ አልነበርኩም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

አባቴን ኦቦ ጉተማን የነቀምቴ ልጆች ታውቁታላችሁ። ግማሻችሁን አስተምሯል፣ የቀራችሁትን ገርፏል። አሁን ጡረታ ላይ ነው። አባዬ ማለት ለሰው በመነሳት የሚታወቅ ሰው ነበር። ለሽማግሌ ብቻ መሰላችሁ? የድሮ ተማሪው ሲገባም ይነሳል። ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ እንኳ ተነስቶ ነው «ዛሬ የለንም» የሚለው። እማዬ የጎጃም ልጅ ናት፣ እንግዳ በማክበር አትታማም፤ እሷ ራሷ «ይኼ ሰውዬ ሲነሳ ሲቀመጥ ወጡ ቀዘቀዘ» እያለች ታማርር ነበር።

ታዲያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አባዬ መነሳት ተወ።

እንግዳ ሲገባ ሶፋው ላይ እንዳለ እጁን ይዘረጋል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ለጸሎት ሲቆም እሱ ቁጭ ብሎ ይጸልያል። መቀመጫውንም ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ቀየረ። ሰው ማውራት ጀመረ። ልጆቹ ሥራ ያዙ፣ ቤቱን አደሰ፣ በቃ ኮራ ተባለ።

በጣም የተቀየሙት ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው። ከአባዬ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አብረው ያስተማሩ፣ አብረው ያረጁ ወዳጁ ናቸው። ታመው አዲስ አበባ ሲታከሙ ከርመው የተመለሱ ጊዜ መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነው። ሁላችንም ብድግ አልን። አባዬ አልተነሳም። ኦቦ ዋቅጅራ ትንሽ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጨበጡት፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱም ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም።

አባዬ ማታ ማታ በመስኮት የእሳቸውን መንገድ ያያል። ሲያይ አየዋለሁ። ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሄደም።

ይሄ በጣም አናደደኝ። ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት ነገርኩት፤ አባዬ ኩራት አያምርብህም አልኩት። ሳቀና ጡረተኛ ካልኮራ ማን ሊኮራ ነው አለኝ። እማዬ አጠገባችን የአባዬን ሱሪ ጠርዝ እያጠፈች ትሰፋ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ወደ መርፌዋ ተመለሰች። የአባዬ ሱሪዎች ሰሞኑን ሁሉም መሬት መጥረግ ጀምረው ነበር፤ እኔም «አባዬ ሱሪህ አደገ» እያልኩ እስቅበት ነበር።

ሱሪውን እንዳትረሱት።

ዛሬ ጠዋት ጨለለቂ ሰፈር፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ድንኳን ተከልንና ባነሩን ሰቀልነው። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ሞልቷል። ወንበሩ መሃል ላይ፣ ጫልቱ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ከወንበሩ አጠገብ፣ እኔ ታብሌቴን ታቅፌ ከባነሩ ሥር። ታብሌቱ ላይ መጠይቄ አለ። ማስታወቂያው ምን ስሜት ፈጠረብዎ? በቅርቡ ወድቀው ያውቃሉ? ቁመትዎ የቀነሰ ይመስልዎታል? እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው።

ሰው መምጣቱንስ መጣ! ባነሩን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ ተመልሰው ባነሩን ያያሉ።

የመጀመሪያዋ እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ። ስሜታቸውን ጠይቄ ምርጫዎቹን አነበብኩላቸው፤ ደስታ፣ ጉጉት፣ ንዴት፣ ምንም።

«ሐዘን የለውም?» አሉኝ።

የለውም አልኳቸው። እንድጨምርበት መክረውኝ ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

ቀጥሎ ወንበሩ አመጸብን። አንድ አባት በስንት ልመና ተቀመጡልን። ጫልቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምራ፣ አሁን ይነሱ አለቻቸው። ገና ከመቀመጫቸው ላቀቅ ሲሉ የከበበን ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «ሂን ካኢና!» አለ። ኧረ አይነሱ፣ አይገባም ማለት ነው። አንድ ጎረምሳ ጭራሽ ትከሻቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው።

ይሄ ምንም አይደል። እኔም አብሬ «በእግዜር፣ ይቀመጡ!» ብያለሁ።

አፌ ቀደመኝ። ትልቅ ሰው ሲነሳ ዝም ብዬ እንድመለከት ያላሳደገችኝ እማዬ ናት፣ ክሱን ወደ እሷ አዙሩት። ጫልቱ ጋውኗን አስተካክላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። የሚቀጥለውንም አስቀመጥናቸው።

ረፋዱ በዚህ አለቀ። ሊነሳ የሞከረውን ሁሉ እኛው እያስቀመጥን ማን መነሳት እንደሚችል ማወቅ አልተቻለም። በማርኬቲንግ መጽሐፎቼ ውስጥ ስለዚህ ዓይነት ችግር የተጻፈ ነገር የለም፤ ጸሐፊዎቹ ነቀምቴን አያውቋትም።

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። አንዷ አዛውንት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ኢንተለ ኤኙቲ?» አሉ። የማን ልጅ ናት? ጠያቂዋ እኔ አልነበርኩም እንዴ!

የመምህር ጉተማ ልጅ ነኝ አልኩ።

«አሃ» አሉ።

ሁሉም። አንድ ላይ።

ከሰው መሃል ኦቦ ዋቅጅራ ብቅ ያሉት ያኔ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ባነሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ትንንሹንም ጭምር፣ መምህር አይደሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አባትሽ ለሰው መነሳት ተወ። አንቺ ደግሞ ሰው ማስነሳት ጀመርሽ» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ፊቴ ግን ነዶ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም ብዬ አሰብኩ። ገና ምኑን አይቼ።

ለካ ጠዋት አንዱ ባነሩን ፎቶ አንስቶ የዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። አባዬ እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለ። መልእክት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

አንድ ባጃጅ ድንኳናችን አጠገብ ቆመ።

አባዬ ወዲያው አልወረደም። ትንሽ ቆይቶ አንዱን እግሩን አወጣ፣ የባጃጁን ብረት በሁለት እጁ ያዘ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። እኔ ሞኟ በዚያች ደቂቃ እንኳ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ሲወርድም እየኮራ ነው ብዬ ነው።

መጥቶ ባነሩ ሥር ቆመ። የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው ረጋ ብሎ አነበበው። ከዚያ «አይችሉም ነው ያልሽው?» አለኝ።

ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ለጥናቱ ነው ልለው ፈለግሁ። አባዬ እኔን ትቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። ሲቀመጥ መጨረሻ ላይ ሰውነቱን ለቀቀውና ዱብ አለ። ጫልቱ ሳትነግረው እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

ይሄኔ «አይነሱ» ያለ የለም። ሰው ሁሉ የኮራውን ሰው ሲነሳ ማየት ፈልጓል።

አባዬ ወደፊት ዘንበል አለ። አልተነሳም።

እግሩን አስተካክሎ እንደገና ሞከረ። ትንሽ ከፍ አለና ተመለሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም፣ አቀርቅሬ እግሩን አየሁ። እማዬ የሰፋችው የሱሪው ጠርዝ ተተርትሮ ጫማው ላይ ወድቋል።

ሱሪው አላደገም። አባዬ ነው ያጠረው።

ታብሌቱ ላይ «ቁመትዎ የቀነሰ ይመስልዎታል?» የሚለውን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። አባቴ ቤቴ ውስጥ እያጠረ እኔ በሱሪው እስቅ ነበር። ኩራት አያምርብህም ያልኩትም ያንኑ ሰው ነው። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ፣ እና እላዬ ላይ ያቺ ቅንድቧን የሰቀለች ሌንሴ አሁንም «አይችሉም!» ትላለች።

አባዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲዘጋጅ ኦቦ ዋቅጅራ ሰውን ገለጥ አድርገው ፊቱ ቆሙ።

«ሂን ካኢን፣ ጉተማ» አሉት። «አትነሳ። ለእኔ አትነሳ።»

ይሄኔ ሰው ሁሉ ተከተላቸው። «ሂን ካኢና፣ ሂን ካኢና፣ ኧረ አይነሱ መምህር!» ከጠዋት ጀምሮ ጥናቴን ያበላሸብኝ ያ ቃል፣ አሁን አባቴን ሸፈነው። መነሳት ያቃተው ሰው ሳይሆን ሰው ለምኖ ያስቀመጠው ሰው ሆነ። ያንን ሕዝብ አንድ በአንድ ብስም ደስ ባለኝ።

አባዬ ትንፋሹን ሰብስቦ «ያን ቀንም እንዲሁ ነበር» አላቸው። «ልነሳልህ ፈልጌ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ደከመ ከምትሉኝ ኮራ ብትሉኝ መረጥኩ።»

ኦቦ ዋቅጅራ ዙሪያቸውን አዩ፣ ሌላ ወንበር የለም። ድንኳኑን ያሰርንበት ድንጋይ ላይ፣ ከአባዬ ጉልበት ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

እኔ ባነሩን አወረድኩት። ስጠቀልለው መጀመሪያ የጠፋው ፊቴ ነው፣ ደስ አለኝ።

ጫልቱ ሰውን በትና አባዬን በእርጋታ ጠየቀችው። በክረምት ጓሮ ጭቃ አዳልጦት በጀርባው ወድቆ ነበር። ለእማዬ ብቻ ነገራት፣ ለማንም እንዳታወራ አስምሏት። ይሻለኛል ሲል ወራት አለፉ። ጫልቱ ዛሬውኑ ራጅ ይነሱ አለችው። አባዬ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ኦቦ ዋቅጅራ አየ፣ እሺ አለ። በአንድ ወገን እሳቸው፣ በሌላው እኔ ይዘን አስነሳነው። እንድንይዘው ፈቀደ። ይህን ሰው ደግፌ ሳስነሳ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ባጃጁ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ማስታወቂያሽ ሠርቷል፣ እኔን አምጥቶኛል» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን መምህርነቱ ተነሳበት፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አጻጻፉን እንደገና ሥሪው አለ።

ራጁ ሲታይ የጀርባ አጥንቱ አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ተጨፍልቋል፣ አጥንቱም ሳስቷል። አባዬ ይሄ የሴቶች በሽታ አይደለም ወይ ብሎ ተከራከረ። ሐኪሙ ወንዶችንም ይይዛል፣ ወንዶች ይደብቁታል እንጂ አሉት። ኦቦ ዋቅጅራ በሳቅ ከዘራቸው ወደቀ። መድኃኒት ታዘዘለት፣ ከጫልቱ ጋር እንቅስቃሴ ይሠራል፣ ከባድ ነገር ማንሳት ቀርቷል። ያጠረው ቁመት አይመለስም። ከዚህ በላይ እንዳይሰበር ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል ተብለናል።

ቤት ስንገባ እማዬን ታውቂ ነበር አይደል አልኳት።

«ጫማውን ማን የሚያስርለት መስሎሽ ነው?» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም አለቀስን፣ ምስጢሩ እሷንም ከብዷት ነበር።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ዋቅጅራ ቤታችን መጡ። ሁላችንም ብድግ አልን። አባዬ እጁን ሶፋው ላይ ሲያስደግፍ አዩትና፣ ገና ከበሩ ላይ ሆነው «ሂን ካኢን» አሉት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ። ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጥተው፣ ድጋሚ አስቀዱ።

እኔስ? እኔ አሁን ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን እየጻፍኩላችሁ ነው። አማካሪዬ ደውለው ጥናቱ እንዴት ሆነ አሉኝ። ተንኳሽ ማስታወቂያ ይሠራል፣ ችግሩ ማንን እንደሚነካ አለማወቁ ነው አልኳቸው። መጠይቁን ነገ አስተካክላለሁ። ለዚያች እናት ስል «ሐዘን» የሚለውንም እጨምራለሁ። አዲሱ ባነር ላይ ደግሞ እኔ የለሁም፤ አባዬና ኦቦ ዋቅጅራ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመነሳት ፈቃደኛ ሆነዋል፣ ማለቴ ፎቶ ለመነሳት።

እናንተ ግን፣ ቤታችሁ ውስጥ ሰሞኑን ኮራ የምትሉት ሰው አለ? እስኪ ከመፍረዳችሁ በፊት ሱሪው ረዝሞ እንደሆነ እዩለት።